ድምፅና እጅ፤ ስለ ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ

ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ዐይኑ ፈዝዞ ነበርና፥ ታናሹ ልጁ የታላቁን ልብስ ለብሶ፥ እጁንና አንገቱን በጠቦት ቍርበት ሸፍኖ ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ አባትዮው በሁለት ምስክሮች መካከል ተያዘ። ጆሮው ያዕቆብን ሰማ፤ እጁ ግን ዔሳውን ዳሰሰ። በመጨረሻም የጆሮውን ትቶ የእጁን አመነና በረከቱን ሰጠ። መተርጕማን ይህን ታሪክ ሲያነሡ የእግዚአብሔርን ምርጫና የርብቃን ምክር ያስተምሩበታል። መጻሕፍትን ለሚመረምር ሰው ደግሞ ሌላ ትምህርት አለበት፤ ይኸውም ድምፅና እጅ በተለያዩ ጊዜ ማናቸውን ማመን እንዲገባ በረከቱን ከመስጠት በፊት መጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ከጋይንት ምድር በወጣ በአንድ የግዕዝ መጽሐፍ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ጋይንት የትምህርት አገር መሆኑን የቤተ ክህነት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ አርብ ገበያ ዋና ከተማው የሆነችለት ታች ጋይንትና ጎረቤቱ ላይ ጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ጋራ፥ በቀድሞው በጌምድር በምሥራቁ ወገን የሚገኙ አገሮች ናቸው። የቤተልሔም የድጓ ጉባኤ በዚሁ በጋይንት ነው፤ ድጓ የተማረ ሰው ወደዚያ ወጥቶ ትምህርቱን ያስመሰክራል። በዚህ በቤተልሔም፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1850 በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት፥ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን ማኅበር የሆነ አንድ የኢጣልያ መነኵሴ ተቀምጦ ግዕዝ ይማር ነበር። «ሐተታ ዘርአ ያዕቆብ» የተባለው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም የታወቀው በዚህ ሰው እጅ ነው። ከዚህ በታች የውጭ ሊቃውንትን ሥራና የነገሥታቱን ታሪክ የሚመለከተው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ተጽፏል።

ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። አንዱ ወገን መጽሐፉ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረ የአክሱም ሊቅ ድርሰት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ጁስቶ ራሱ የኢትዮጵያዊ ሊቅ መልክ ለብሶ ጻፈው ይላል። ነገሩ ለመጻሕፍት ወዳጆች ብቻ የሚተው ክርክር አይደለም። መጽሐፉ በዩኒቨርሲቲዎች ይተረጐማል፤ ኢትዮጵያ በራስዋ ቋንቋ የተጻፈ ፍልስፍና እንዳላት ለማስረዳት በብዙ አገር ይጠቀሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ፥ የአገር ክብር የተመሠረተበትን መሠረት እንደ መመርመር ያለ ነው።

ባለ ታሪኩ በመጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚተርከው፥ በአክሱም አገር ከድኻ ገበሬ በ1592 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ 25 ቀን፥ ዐፄ ያዕቆብ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት ተወለደ። የክርስትና ስሙ ዘርአ ያዕቆብ ነው፤ ሰው ግን ወርቄ ይለው ነበር። ለዜማ ቢሰጡት ድምፁ ሻካራ ሆኖ ባልንጀሮቹ ሣቁበት፤ ስለዚህ ወደ ሰዋስውና ወደ ቅኔ ተሻገረ፥ ቀጥሎም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። በአክሱም ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ሳለ ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። እርሱም ሲተረጕም የፍራንጆችንም የግብጻውያንንም ቃል ጎን ለጎን እያስቀመጠ፥ ለአንዱ ሳያደላ ያልፍ ነበርና ሁለቱም ወገን ጠሉት። አንድ ጠላቱ በንጉሡ ዘንድ ስለ ከሰሰው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አጠገብ ዋሻ አግኝቶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

በዋሻው ዳዊት እየደገመ ሳለ፥ ይህን ጸሎት የሚሰማ አለን ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ፈጣሪ መኖሩን፥ ለሰውም እውነትን ከሐሰት የሚለይበት ልቡና መስጠቱን አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ግን የሙሴን ሕግ፥ ምንኵስናን፥ ጾምን፥ የእስላምንም ሕግ በዚያው ልቡና እየመዘነ ብዙውን ነቀፈ። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲያልፍ ከዋሻው ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ተቀመጠ። መጽሐፍ እየጻፈ፥ የባለጸጋውንም ልጆች እያስተማረ ኖረ፤ ሒሩት የምትባል የቤቱን ገረድ አገባ። ሐተታውን የጻፈው በስድሳ ስምንት ዓመቱ፥ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነው እንደ ሆነ ይናገራል። ወልደ ሕይወትም መምህሩ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ማረፉን ጨምሮ ጻፈ፤ የራሱንም ሐተታ አከለበት።

መጽሐፉ ወደ አውሮጳ የሄደበት መንገድ እንዲህ ነው። ጁስቶ በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ኖሮ የብራና መጻሕፍት ለሰበሰበው ለፈረንሳዊው ሊቅ ለአንቷን ዳባዲ በ1852 ደብዳቤ ጽፎ፥ በአንድ ወታደር እጅ ያለ እንግዳ መጽሐፍ ማግኘቱን ነገረው። በማግሥቱ ዓመት በወረቀት በራሱ እጅ ገልብጦ ላከለት። ኋላም የወልደ ሕይወት ሐተታ የተጨመረበት፥ በብራና የተጻፈ ሁለተኛ ቅጅ ለዳባዲ ደረሰው። በ1855 ጁስቶ ከኢትዮጵያ ተባረረ፤ በ1856 በካርቱም ሞተ። ዳባዲ በ1859 ባሳተመው የመጻሕፍት ዝርዝር ሁለቱን ቅጆች አስገባቸው፤ ዛሬም በፓሪስ በመንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1904 ጀርመናዊው ኤንኖ ሊትማን የግዕዙን ንባብ ከላቲን ትርጕም ጋራ አሳተመ። በዚያው ዘመን ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭ ወደ ቋንቋው መለሰው፤ የአውሮጳም ሊቃውንት አደነቁት።

ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በ1920 ኢጣልያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነገሩን ገለበጠው። ተክለ ሃይማኖት የተባሉ የዓድዋ ካቶሊክ ካህን በተዉት ጽሑፍ፥ መጽሐፉ የጁስቶ ሥራ ነው የሚል ወሬ በአገሩ እንደ ነበረ አነበበ። ይህን ይዞ የጁስቶን ደብዳቤዎች ሲመረምር፥ በሐተታው ያለው ብዙ አሳብ በደብዳቤዎቹም እንደሚገኝ ተናገረ። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ደገፈ። በ1970ዎቹ ግን በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት የካናዳ ተወላጅ አባ ክሎድ ሳምነር የሁለቱን ሐተታዎች ቃልና አነጋገር ቈጥረውና አነጻጽረው፥ መጽሐፉ የጁስቶ ሊሆን አይችልም ብለው በብዙ ጥራዝ ተከራከሩ። ፈረንሳዊቷ አናይስ ቪዮን በ2013 የጁስቶ ነው የሚለውን ክርክር እንደ ገና አደሰች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ቀድሞ የተጠራጠሩ ሲሆኑ፥ በ2017 ባወጡት ጽሑፍ የመጽሐፉ ሥር የወርቄ ነው፥ ነገር ግን ሌላ እጅ ገብቶበታል ወደሚል አሳብ ደረሱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ፍርድ ከመስጠት በፊት፥ ሌላ ሰው መምሰል ሁሉ አንድ ዐይነት ኃጢአት አለመሆኑን መለየት ይገባል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጻፉት «ፋቡላ» በተባለው ቲያትር አውሬዎች እንደ ሰው ይናገራሉ። ከአውሬው ጀርባ ሰው መኖሩን ተመልካቹ ያውቃል፤ ተጫዋቹም ማወቁን ያውቃል። በዚህ ማንም አልተታለለም፤ ጨዋታውም ምክር ሆኖ ያልፋል። ስንክሳር የሚያነብ ሰው ደግሞ የንጉሥ ዘይኑንን ልጅ ኢላርያንና ቅድስት መሪናን ያስታውሳል፤ ሁለቱም የወንድ ልብስ ለብሰው ከመነኰሳት መካከል ኖሩ። መሪና ልጃገረድ አስነወርህ ተብላ በሐሰት በተከሰሰች ጊዜ ስምዋን ከመግለጥ ይልቅ ነቀፋውን ተሸክማ ሕፃኑን አሳደገች፤ ባረፈች ጊዜ ሊገንዟት ሲቀርቡ እውነቱ ተገለጠ። እርስዋ መልክዋን በሸሸገች ጊዜ የከሰረችው ራስዋ ናት፥ ሌላ ሰው አልከሰረም። በመጻሕፍትም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ በአርዮስፋጎሳዊው በዲዮናስዮስ ስም የታወቁት ድርሰቶች ከእርሱ በኋላ በብዙ መቶ ዓመት በኖረ ሰው እንደ ተጻፉ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የጸሐፊው ስም ለዘላለም ጠፋ፤ ለራሱ ያተረፈው ክብር የለም።

ዐራተኛው ዐይነት ግን የተለየ ነው። እርሱም ሐተታው በሚናገርበት በዚያው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ታይቷል። ዐፄ ያዕቆብ በ1607 በጎጃም ከሱስንዮስ ጋራ ተዋግተው ከወደቁ በኋላ፥ በትግሬ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ «ያዕቆብ እኔ ነኝ፥ አልሞትሁም» አለ። ፊቱን በጨርቅ ይሸፍን ነበር፤ ምክንያቱንም በጦርነቱ ፊቴና ጥርሴ ስለ ቈሰለ ነው ይል ነበር። ብዙ ሰው ተከተለው። ሥዕለ ክርስቶስ ሦስት ጊዜ ድል ቢያደርገውም ወደ ሐማሴን ተራሮች እየሸሸ አመለጠ። ሱስንዮስ ራሳቸው ወደ ትግሬ ወጥተው በ1608 በአክሱም ሥርዓተ መንግሥት ሲፈጸምላቸው እንኳ አልተያዘም። በመጨረሻ በአምሳለ ክርስቶስ ዘዴ ተገድሎ ራሱ ለንጉሡ ተላከ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፥ ጨርቁ ሲገለጥ በፊቱ ጠባሳ አልነበረም፥ ጥርሱም አልጐደለም፤ መሸፈኛው ያዕቆብን አለመምሰሉን ይሸሽግ ነበር እንጂ ቍስል አልሸፈነም። ይህ ሰው በሌላው ስም ሠራዊት ሰብስቦበታል፤ ያመኑትም ደማቸውን ከፍለውበታል።

እንግዲህ ጁስቶ ሐተታውን ጽፎ የጥንት ነው ብሎ ልኮት እንደ ሆነ፥ በደሉ ከቲያትሩም ከመሪናም ወገን አይቈጠርም፤ ከዚህ ከዐራተኛው ወገን ነው። ዳባዲ ያመነውን ወዳጁን ታለለ፤ የኢትዮጵያም ሊቃውንት ያልተናገሩትን ተናገሩ ተባሉ። ስለዚህ ክሱ ከባድ ነው፤ ከባድ ክስ ደግሞ ከባድ ምስክር ይፈልጋል። ምስክሮቹም አንድ በአንድ ሊታዩ ይገባል።

የመጀመሪያው ምስክር ስሙ ነው። ጁስቶ ከመመንኰሱ በፊት ስሙ ጆቫኒ ያኮፖ ኮርቶፓሲ ነበር፤ ያኮፖ ማለት ያዕቆብ ነውና፥ ዘርአ ያዕቆብ ብሎ ራሱን በምሥጢር ሰይሟል ይላሉ። ይህ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም ክብደት የለውም። ዘርአ ያዕቆብ በኢትዮጵያ ከንጉሥ እስከ ገበሬ የሚወጣ ስም ነው። ይልቁንም በመጽሐፉ እንደ ተጻፈ ሕፃኑ የተወለደው ያዕቆብ በነገሡበት ዘመን ነውና፥ በንጉሡ ስም መጠራቱ የሚያስገርም አይደለም።

ሁለተኛው ምስክር አሳቡ ነው። ልቡናን የሁሉ ሚዛን የሚያደርገው ትምህርት ከአውሮጳ ፈላስፎች ጋራ ይመሳሰላል፤ ከጁስቶም ደብዳቤዎች ጋራ ይቀራረባል። ይህ ምስክር ከስሙ ይልቅ ይመዝናል። ነገር ግን ሁለት ሃይማኖት እርስ በርሱ ሲገዳደል ያየ ሰው፥ ማንኛው እውነት ነው ብሎ ለመጠየቅ የአውሮጳ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በሱስንዮስ ዘመን ያ ጥያቄ በየቤቱ በደም ተጽፎ ነበር። በሌላ ወገንም፥ ጁስቶ መጽሐፉን ያገኘው አሳቡ ከራሱ አሳብ ጋራ ስለ ተስማማ ወዶትና አጥብቆ ይዞት ሊሆን ይችላል። የአሳብ መመሳሰል ማን እንደ ወደደው ያሳያል እንጂ ማን እንደ ጻፈው ብቻውን አያስረዳም።

ሦስተኛው ምስክር ዝምታው ነው፤ እርሱም ከሁሉ የበረታው ነው። ከጁስቶ በፊት የተጻፈ ቅጅ እስከ ዛሬ አልታየም። ወታደሩ ስሙም አገሩም ሳይታወቅ ቀረ፤ ዋናው መጽሐፍም ከእርሱ ጋራ ጠፋ። በአርብ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው ቀምሶ ጣፋጭ ቢሆንለትም፥ ከየት ቀፎ እንደ ተቈረጠ ሻጩን ይጠይቃል፤ ሻጩ ባይመልስ ማሩ ማር መሆኑ አይቀርም፥ ጥርጣሬው ግን ከገዢው ጋራ ወደ ቤት ይገባል። የሐተታው ወዳጆች ይህን ጥርጣሬ በቍጣ ሊያባርሩት አይችሉም። የሚያባርረው አሮጌ ብራና ብቻ ነው።

ዐራተኛው ምስክር ግዕዙ ነው፤ እርሱም ለተከሳሹ ወገን ይናገራል። ግዕዙ የታረመ ነው፤ የዳዊትን ቃል እንደ ጥቅስ እያመጣ የሚለጥፍ ሰው ግዕዝ አይደለም፥ ዳዊት ከአፉ ያልተለየ ሰው ግዕዝ ነው። ጸሎቱ ወደ ክርክር፥ ክርክሩም ወደ ጸሎት ሳይታወቅ ይሸጋገራል። መምህሩና ደቀ መዝሙሩም አንድ ሰው አይመስሉም። ዘርአ ያዕቆብ ብቸኛ ነው፤ የሚናገረው ከፈጣሪውና ከራሱ ጋራ ነው። ወልደ ሕይወት ግን የቤት ሰው ነው፤ ስለ ሥራ፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ከጎረቤት ጋራ ስለ መኖር በምሳሌ ይመክራል። አንድ እንግዳ በጥቂት ዓመት ትምህርት ይህን ሁሉ ለመሥራት፥ ሁለት ሰው ሆኖ ለመናገርም ቻለ ማለት ለማመን ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ከክርክሩ የተረሳ ነገር አለ። ጁስቶ በቤተልሔም ብቻውን አልነበረም። ግዕዝን ከደብተሮች ይማር ነበር፤ «የካርታጎ ምሽቶች» የተባለውንም የፈረንሳይ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሷል። ሚትቮኽ የመረመረው ይህንኑ ትርጕም ነው። አንድ የውጭ ሰው ይህን የመሰለ ሥራ ሲሠራ ቃሉን የሚያቃና፥ አገባቡን የሚያስተካክል መምህር በአጠገቡ መኖሩ የታወቀ ነው። እንግዲህ ሐተታው የጁስቶ ነው ቢባል እንኳ፥ ግዕዙን ያቀናው የጋይንት ሊቅ ማን ነበር? የአውሮጳ ሊቃውንት መቶ ዓመት ሲከራከሩ የጠየቁት፥ ጸሐፊው የአክሱሙ ሰው ነው ወይስ የኡርቢኖው ብለው ነው። ሁለቱ የሚከራከሩበትን ቋንቋ ያስተማረውን ሦስተኛውን ሰው ግን እንደ ቀለም ቀንድ ቈጥረው አለፉት። ምናልባት በዚህ ነገር መልኩ ከሁሉ ይልቅ የተሸፈነው እርሱ ይሆናል።

መጽሐፉ እውነተኛ ነው ቢባል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ዘርአ ያዕቆብ ራሱ ሌላ ሰው መስሎ መኖሩን አይሸሽግም። ከሰዎች ጋራ እንደ እነርሱ ክርስቲያን መስሎ እንደ ኖረ፥ በልቡ ግን እንደ እነርሱ እንደማያምን ይናገራል። ይህንንም ሲናገር ኅሊናው አላረፈም፤ ማታለሉ በፈጣሪ ፊት በደል እንዳይሆንበት ይጨነቃል፥ ምክንያትም ይደረድራል። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ እውነት ያለበት ቦታ ይህ ነው። ስለ ጾምና ስለ ምንኵስና የሚያቀርበው ክርክር ብዙ ጊዜ ችኩል ነው፤ ምንኵስናን የሚነቅፈው ከመነኰሳት የከፉትን አይቶ ነው እንጂ ከአባቶች ሕይወት ተነሥቶ አይደለም። ስለ ፍርሃቱ ሲናገር ግን የሚያስመስል አይመስልም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ቦታ ያለ መልስ አታልፈውም። በዚያው ዘመን በበጌምድርና በላስታ፥ በጎጃምም ያሉ ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎችና ካህናት ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ቆሙ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት ለሕዝቡ የመለሱት፥ ልጃቸውም ፋሲለደስ ያጸኑት፥ ልቡን ደብቆ በተቀመጠው ሰው ምክንያት አይደለም፤ በግልጥ በሞቱት ምክንያት ነው። ዘርአ ያዕቆብ ዋሻውን መምረጡ ነፍሱን አዳነለት፥ መጽሐፉንም አስገኘ። እንደ እርሱ ሁሉም ዋሻ ቢመርጥ ኖሮ ግን ከዋሻው ሲወጣ የሚመለስበት ነጻ አገር ባላገኘም ነበር። ይህን ዕዳ በመጽሐፉ በየትም ቦታ አያነሣውም። ጕድለቱም ይህ ነው።

በዚህ ክርክር ሁለት ፈተናዎች አሉ። ትምህርቱን የጠላ ሰው፥ መጽሐፉ የካቶሊክ መነኵሴ ተንኰል ነው ሲባል ደስ ይለዋል፤ መልስ ከመስጠት ያድነዋልና። የአገሩን ክብር የወደደ ሰው ደግሞ፥ ጥርጣሬውን ሁሉ የነጮች ንቀት ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ምርመራ ከማድረግ ያድነዋልና። ሁለቱም እንደ ይስሐቅ ሊሰጡ ያሰቡትን በረከት አስቀድመው አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ትምህርቱ ስሕተት ቢሆን በትምህርት ይመለስ፤ ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ግን በብራና ይፈረድ። አንዱ በሌላው ቦታ ሊቆም አይገባውም። ኢትዮጵያም የቅዱስ ያሬድ ዜማና የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ድርሰት ያላት አገር ናትና፥ ክብሯ በአንድ በተጠረጠረ መጽሐፍ ላይ አልተንጠለጠለም።

እስከ ዛሬ ከተገኘው ምስክር የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። እጁ የጁስቶ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ቅጅ በእጁ የተጻፈ ነውና። ድምፁ ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያደገ ሰው ድምፅ ነው፤ ያ ሰው የአክሱሙ ወርቄ ይሁን፥ ወይስ በቤተልሔም ለእንግዳው ግዕዝ ያስተማረ ደብተራ፥ ወይም የሁለቱ ሥራ ተደባልቆ ይሁን፥ ገና አልተለየም። ጁስቶ ብቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፈው የሚለው አልተረጋገጠም። መጽሐፉ ሳይነካ ከዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ደረሰ የሚለውም አልተረጋገጠም። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ጥያቄውንም አብሮ ማንበብ ይገባዋል።

የሚቀረው ሥራ የአገሬው ነው። በ1950ዎቹ ቶማስ ፓክንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ቤተልሔም በመጣ ጊዜ ከውጭ ያየው እንደ ሌላው ሁሉ ክብ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ቤት ተከብቦ፥ በአክሱም ሥርዓት በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማዕዘን ያለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ ይህንንም በመጽሐፉ ለዓለም ነገረ። ለዓለም አዲስ ግኝት ተባለ፤ በዚያ የሚቀድሱት ካህናትና ድጓ የሚያስመሰክሩት መምህራን ግን ዘወትር ያዩት ነበር፥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ። በጋይንት፥ በስማዳ፥ በእስቴና በእንፍራዝ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት ያሉት የብራና መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል ተቈጥረው አልተመዘገቡም። በቤተልሔም ጉባኤ ከመምህር ወደ መምህር የሚተላለፈው የመምህራን ሐረግም በጁስቶ ዘመን ማን ወንበሩን ይዞ እንደ ነበረ ሊናገር ይችላል። አረጋውያኑ ሳይሞቱ ይህን መጠየቅ፥ መጻሕፍቱም ምስጥና እሳት ሳያገኛቸው መመዝገብ የሀገረ ስብከቱና የየደብሩ አለቆች ፈንታ ነው። የወታደሩ መጽሐፍ በአንዱ ዕቃ ቤት ቢገኝ ክርክሩ በአንድ ቀን ይዘጋል፤ ባይገኝም ፍለጋው ሌላ ብዙ ነገር ያወጣል። እግዚአብሔር ለሥራው የሚተጉ ሰዎችን ያስነሣ።